አምስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሞተር

የሁለተኛውን ጉድጓድ በር ያጸዳሁት በናፍጣ ነው። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ሞከርኩ፤ ቅባቱ አልለቅ ሲለኝ ጨርቁን ናፍጣ ነክሬ ከላይ እስከ ታች ጠረግኩት። በር ስል የቤት በር ማለቴ አይደለም። ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያቆመው የኤሌክትሪክ ዕቃ የተገጠመበት፣ ሠራተኞቹ ፓነል የሚሉት የብረት ሳጥን አለ። የዚያ ሳጥን በር ከውስጥ በኩል በጠመኔና በማርከር ተሞልቶ ነበር፤ ቀስት፣ ቁጥር፣ ግማሽ ቃል፣ የተሰረዘ ቀን፣ ከላዩ ላይ የጣት አሻራ። ለእኔ ቆሻሻ መሰለኝ። ስጨርስ ብረቱ አበራ። ያተምኩትን አዲስ ቁጥር ለጠፍኩበትና በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ከመጽዳቱ በፊት ግን አላነሳሁትም። ማሳየት የፈለግኩት ያማረውን ብቻ ነበር።

አባቴ በኮምቦልቻ ዙሪያ ላሉ ሰፈሮችና መንደሮች ውሃ በሚያቀርብ አንድ ድርጅት የፓምፕ መካኒክ ነው። ነበር ማለት ይኖርብኛል፤ እጄ ገና አልለመደውም። ድርጅቱ ስድስት ጥልቅ ጉድጓዶች አሉት። ቢሮው ግን ደሴ ነው፤ ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቷል። እኛም የምንኖረው እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ስለሆነ አባቴ በየጠዋቱ በሚኒባስ ቁልቁለቱን ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል፤ አመሻሽ ላይ ዳገቱን ወጥቶ ይመለሳል። ልጅ ሆኜ ልብሱ ላይ ያለውን የቅባት ሽታ የኮምቦልቻ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተሬን ጨርሼ ለዕረፍት ቤት በመጣሁበት ሰሞን ድርጅቱ ንብረቱን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ እንዲያስገባ ታዝዞ ነበር። የትኛው ዕቃ የት እንዳለ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተገዛ። ሥራ አስኪያጁ አባቴንና እኔን አስጠሩን።

«ልጅህ ኮምፒውተር ትችላለች አይደል?»

«ከትምህርት ቤቷ አንደኛ ናት» አለ አባቴ።

«እሱን መቼ ጠየቅኩህ?»

«ትችላለች ጌታዬ።»

በዚያው ቀን ንብረት ክፍል ተመደብኩ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፋይል መሃል ያሳለፉ ሴት ናቸው። ገና በር ላይ ሲያዩኝ፣ «ነይ አንቺ ዩኒቨርሲቲ! ወንበሩ እግሩ ሰባራ ነው፤ ዲግሪሽን ሳትይዢ እንዳትወድቂብኝ» አሉኝ። ከዚያ አንድ ቁልል ፋይል ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ። የምትሠሪው ከወረቀት ነው። የሰው አፍ ዛሬ እንዲህ ይላል፣ ነገ እንዲያ ይላል። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ግን አንዴ የተናገረውን አይለውጥም።»

ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ዕቃ ተገዝቶ ግምጃ ቤት ሲገባ የሚቆረጠው ደረሰኝ ነው። የነገሩኝን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። እንደ ታዘዝኩትም ሠራሁ። ለሁለተኛው ጉድጓድ ተብሎ የተገዛው ትልቁና አዲሱ ሞተር ነበር፤ በሁለተኛው ሥር መዘገብኩት። ለአምስተኛው የተገዛው ትንሽና አሮጌ ነበር፤ በአምስተኛው ሥር መዘገብኩት። ሞተሮቹ ያሉት ከመሬት በታች፣ በቧንቧ ጫፍ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ወርዶ የሚያይ የለም። ወረቀቱ ይበቃል ብዬ አመንኩ።

አባቴን አልጠየቅኩትም። በኋላ ብዙ ሰው ለምን ብሎኛል። ያኔ የምሰጠው መልስ ላስደንቀው ፈልጌ ነው የሚል ነበር፤ ውሸትም አይደለም። ግን ሌላም ነገር ነበር። አንድ ሴሚስተር ተምሬ መጥቼ የአባቴ እውቀት የድሮ መስሎ ታይቶኝ ነበር። የሚያውቀውን ሁሉ በእጁ እንጂ በወረቀት አያውቀውም፤ እኔ ደግሞ ወረቀቱን ይዣለሁ።

ሰንጠረዡን ስጨርስ ኃላፊዋ አዲሶቹን ቁጥሮች በየፓነሉ ላይ እንድለጥፍ ወደ ኮምቦልቻ ላኩኝ። በሮቹን አጽጂ ያለኝ ግን ማንም የለም። እሱ የራሴ ሐሳብ ነው። ሁለተኛውና አምስተኛው ጉድጓድ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ የሚጠብቋቸው አንድ ዘበኛ ናቸው፤ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ከአባቴ የሚበልጡ ሽማግሌ። ናፍጣውንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

«የእኔ ልጅ፣ ይሄን ነገር አባትሽ አውቆታል?»

«ይደሰታል አባባ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ። እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ጨርቅ ላቀብል።»

በሁለት ቀን ስድስቱንም በሮች አጸዳሁ። አባቴ በዚያን ጊዜ ሌላ መንደር መስመር ይዘረጋ ስለነበር ያየው በሦስተኛው ቀን ነው። የአምስተኛውን ፓነል ከፍቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። እኔ ከጎኑ ሆኜ ፊቱን እያየሁ ምስጋናውን እጠብቃለሁ። እጁን አንስቶ በባዶው ብረት ላይ፣ ልክ አንድ የሚነበብ ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ አስኬደ።

«ጎበዝ» አለኝ። «አሳምረሽዋል።»

«የተጻፈው ነገር ያስፈልግ ነበር እንዴ?»

«ግድ የለም። ጭንቅላቴ ውስጥ አለ።»

ያን ጊዜ ቢቆጣኝ ኖሮ ምናልባት ቁጭ ብለን ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን እንጽፈው ነበር። አልተቆጣኝም። እኔም ጎበዝ የሚለውን ቃል ይዤ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ትምህርት ተጀመረና ተመለስኩ። ዩኒቨርሲቲዬ ሩቅ ስላልሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እመጣ ነበር። ከነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ የሁለተኛው ጉድጓድ ሞተር ተቃጥሎ ሊወጣ ነው ሲባል ኃላፊዋ አብሬያቸው እንድወርድ ጠየቁኝ። ሰንጠረዡን አሳትመው በላስቲክ ከተውት ነበር። «በሥራሽ ኩሪ» አሉኝ መኪናው ውስጥ። «የኦዲት ሰዎች አይተው አመስግነዋል።» ኮራሁ።

ክሬኑ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ሲያወጣ ግማሽ ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ሞተሩ ጭቃ እየተንጠባጠበበት ብቅ አለ። አባቴ በውሃ አጥቦ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ገለጠው። ኃላፊዋ መነጽራቸውን አደረጉና ሰንጠረዡን ዘረጉ።

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ቁጥሩ የአምስተኛው ጉድጓድ ብዬ የመዘገብኩት የአሮጌው ሞተር ቁጥር ነው።

«ታዲያ አዲሱ የት ሄደ?» አሉ ኃላፊዋ።

«አምስተኛው ውስጥ ነው ያለው» አለ አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

«ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ። ካቻምና ነው። የአምስተኛው ውሃ ወደ ታች ርቋል፤ ትንሿ ሞተር አልቻለችውም። ሰው ጄሪካኑን ይዞ ወደ ወንዝ መውረድ ሲጀምር ቀያየርኳቸው። ለዚህኛው ትንሿ በቂ ነበረች።»

«በየትኛው ቅጽ?»

አባቴ ፈገግ አለ። «ቅጹ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፤ ሦስቱም ደሴ ናቸው። በሁለቱም በሮች ላይ ተጽፏል እኮ፤ ከየት ወደ የት፣ መቼ፣ የሞተሩ ቁጥር ሳይቀር…»

እዚህ ላይ ቆመ። ከዓመታት ልማድ የተነሳ በሮቹ መታጠባቸውን ረስቶ ነው። ዞር ብሎ አየኝ። ወዲያው ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ፤ ግን ሁሉም አይተዋል።

«ማስታወሻው ጠፍቷል» አለ ቀስ ብሎ። «ዝናብ ነው መሰለኝ።»

«የሳጥን ውስጥ በር ዝናብ ነካው?»

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» አልኩ።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«ማንም?» አሉ እንደገና፤ ያን ጊዜ የሚያዩት እኔን ሳይሆን አባቴን ነበር።

የዚያ ዓይነቱ አጻጻፍ የአባቴ ፈጠራ አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረው መካኒክም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ዕቃ ሲለወጥ በሩ ላይ ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሠራተኛ ሳጥኑን ሲከፍት ያነበዋል። ወረቀቱ ደሴ ነው ያለው፤ ጉድጓዱ ኮምቦልቻ ነው። በመሃከላቸው ያ ሁሉ ቁልቁለት አለ። ማንም ሠራተኛ እነዚያን በሮች አይነካም ነበር። አትንኪ ብሎ ማንም ያልነገረኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሊነገር የሚገባው ሆኖ ለማንም ስላልታየው ነው።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኃላፊዋ አንዷ ናቸው። የኮሚቴው ጥርጣሬ ቀላል ነበር። አባቴ አዲሱን ሞተር ሸጦታል፤ አምስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ከየትም ተገዝቶ ተጠግኖ የገባ ሌላ ሞተር ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ነገሩ እንዳይታወቅ ልጁን ልኮ በሩን አሳጠበ። አንድ ቀን የቢሮውን ደረጃ ስወጣ ከላይ ሁለት ሰዎች ሲስቁ ሰማኋቸው። «አባት ይሸጣል፣ ልጅ ታጥባለች» አለ አንደኛው። ደረጃው መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሲወርዱ አዩኝና አንደኛው «እንደምን ዋልሽ» አለኝ በትሕትና። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት እኔም። ሌላ ምን ይባላል?

ዘበኛው ኮሚቴው ፊት ቀርበው መሰከሩ። «ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሁለተኛው አውጥቶ እዚያው አምስተኛው ውስጥ ሲያስገባ ቆሜ ነበር። ሻይ ያፈላሁለት እኔ ነኝ።»

«ቁጥሩን አይተዋል?» አሏቸው።

«ሰውየውን ነው ያየሁ። ቁጥር ማየት የእኔ ሥራ ነው እንዴ?»

አልመዘገቡላቸውም።

አባቴ ደግሞ አንድ መላ አመጣ። የሚወስደውን ኤሌክትሪክ እንለካ አለ፤ ትልቅ ሞተር ብዙ አምፔር ይስባል፣ ትንሽ ሞተር ትንሽ። ኮሚቴው ኮምቦልቻ ወርዶ አምስተኛው ጉድጓድ ጋ ቆመ፤ እኔም ነበርኩ። አባቴ መለኪያውን ገመዱ ላይ አደረገ። የትልቅ ሞተር ንባብ ነበር። ዕንባዬ መጣ፤ አበቃ፣ ዳንን ብዬ ነበር። እግረ መንገዱን፣ ደስ ብሎት ስለነበር፣ ፓነሉ ውስጥ ያለች፣ በጠመንጃ መፍቻ የምትዞር ትንሽ ክብ ቁልፍ አሳየኝ። «ይቺ ናት የምትጠብቀው። መብራት ሲዳከም ሞተሩ ከመጠን በላይ ይስባል፤ ያኔ እሷ ታጠፋዋለች። ከልኳ በላይ ብትዞር ግን ዝም ትላለች፣ ሞተሩ ይቃጠላል።»

ከኮሚቴው አንዱ ንባቡን ጻፈና ራሱን ነቀነቀ። «ትልቅ ሞተር እንዳለ አየን። የእኛ መሆኑን አምፔር አይናገርም። ቁጥሩ የተቀረጸው ብረቱ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ይውጣና ይታይ» አልኩ እኔ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ለዚህ መልስ የሰጡት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ በማግስቱ፣ ቢሯቸው ውስጥ። ሁለተኛው ጉድጓድ ቆሟል፤ ምትክ ሞተር ገና አልተገኘም። ያንን ሁሉ ሰፈር የያዘው አምስተኛው ብቻ ነው። ቧንቧው አሮጌ ነው፤ ሲወጣ ቢሰበርስ? «አንዲት የቀረችኝን ጉድጓድ ለማስረጃ ብዬ አላቆምም» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ሲሉ ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተስ በእኔ ቦታ ብትሆን?»

ይለምናል ብዬ ጠበቅኩ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር።

«አላወጣውም» አለ አባቴ።

የእገዳው ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ደረሰው። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ታግዷል፣ ወደ ጉድጓዶቹም መግባት አይችልም ይላል። እናቴ ደብዳቤውን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ፎቶዎቼን እየከፈትኩ ጠርዝ ጠርዛቸውን አጉልቼ አይ ነበር፤ ምናልባት ከኋላ የሌላ በር አንድ መስመር ገብቶ እንደሆነ ብዬ። የገባ የለም፤ ሁሉም ንጹህ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ወርጄ በሮቹን በባትሪ ከጎን እያበራሁ ፈተሽኳቸው። ማርከር ሲጻፍ ብረቱን ይጫነው ይሆናል ብዬ ዱቄት ነሰነስኩበት። ምንም። ዘበኛው ከኋላዬ ቆመው፣ «ተይው የእኔ ልጅ፣ አብሽሪ፤ አላህ ያግራዋል» ይሉኛል። ክፍል ውስጥ ስቀመጥ መምህሩ የሚጽፈውን ሁሉ እገለብጣለሁ፤ ሰሌዳው ሊጠረግ ሲል ደግሞ በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ፈተና ላይ ስሜን ጽፌ ለብዙ ደቂቃ ቁጭ ያልኩበት ቀን አለ።

አባቴ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሌላ ሥራ አያውቅም። እቤት መዋል ሲጀምር ያልተበላሹትን ሁሉ ጠገነ፤ የበሩን ማጠፊያ፣ የጎረቤት ቧንቧ፣ የእናቴን ካውያ። ጎረቤት ሲጠይቀው «ፈቃድ ላይ ነኝ» ይላል። ፈቃዱ ሲረዝም መጠየቁን ተዉት። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ተራው ጋ ሲያልፍ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት የሰውን ፊት ያጠናል። ያንን አይቼ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጸሎት ፕሮግራም አላቸው። አንድ ረቡዕ ክፍል ቀርቼ ከእናቴ ጋር ሄድኩ። «ጌታ እውነቱን ይገልጠዋል» ብለው ከበው ጸለዩልን፤ እጃቸውን ጫንቃዬ ላይ አድርገው። እኔም ጸለይኩ። ጸሎቴ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን መሃል ላይ ነው። እውነቱ ያለው ውሃ ውስጥ ነው፤ ሊታይ የሚችለው አምስተኛው ጉድጓድ ሲቆም ብቻ ነው። እኔ እየጸለይኩ የነበረው ሞተሩ እንዲቃጠል ነበር። ቀጥ ብዬ በቃል ነገርኩት፦ ጌታ ሆይ፣ አቃጥለው። እናቶቹ አሜን ይላሉ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በአምስተኛው ጉድጓድ ውሃ የሚመጣበት ቦኖ ላይ ሴቶች ተሰልፈው ነበር፤ ቢጫ ጄሪካኖቻቸው እስከ መንገዱ ድረስ። አንዷ አወቀችኝ። «የመካኒኩ ልጅ አይደለሽ? አባትሽን አላህ ይጠብቀው። እሱ ከነካው ወዲህ አንድ ቀን ተቋርጦብን አያውቅም።» አመሰገንኳትና አለፍኩ። ከእሷ ዓይን ስወጣ ግን ሮጥኩ።

ለዘበኛው «የለጠፍኩትን ቁጥር ላጣራ» አልኳቸው። ከፈቱልኝና ለዝሑር ሊሰግዱ ወደ ጎጆአቸው ገቡ። ፓነሉን ከፈትኩ። ትንሿ ክብ ቁልፍ እዚያው ናት። ከሰዓት በኋላ ፋብሪካዎቹ ሲሠሩ መብራት እንደሚዳከም አውቃለሁ። የሚያስፈልገው ትንሽ ማዞር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሄዶ መጠበቅ። ጠመንጃ መፍቻው ሳጥኑ ሥር ነበር። አዞርኳት።

አንድ ነገር ይሆናል ብዬ የጠበቅኩ ይመስለኛል። ምንም አልሆነም። ሞተሩ ከታች በዚያው ድምፁ ያጉረመርማል፤ በቧንቧው ውስጥ ውሃው ያልፋል። ቦኖው ላይ ሴቶቹ ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል፤ አንዷ ተራዬ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ትስቃለች። ልመልሳት እጄን ሰደድኩ። የት ላይ እንደነበረች ግን አላስታወስኩም። ሳላይ ነው ያዞርኳት። ወደ ኋላ መለስኳት፣ በዛ መሰለኝ፤ ወደ ፊት ገፋኋት፣ አነሰ መሰለኝ። የነበረበትን ቦታ የሚናገር ምንም ነገር በሩ ላይ የለም፤ በሩን ያጸዳሁት እኔው ነኝ።

አባቴ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የሰማው ለቅሶዬን ብቻ ነው።

«የት ነሽ?»

«አምስተኛው ጋ። ቁልፏን ነካኋት አባዬ።»

«አጥፊው። ቀዩን ተጫኚ። መጣሁ።»

አጠፋሁት። ሴቶቹ ጸጥ አሉ፤ ከዚያ አንዷ «ኧረ ዘበኛው!» ብላ ተጣራች። አባቴ ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪደርስ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ረጅሙ ነው። ሲመጣ ዘበኛው የግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁት። መግባት እንደተከለከለ ያውቃሉ።

«አፉ በለኝ ወዳጄ፣ ታዝዣለሁ» አሉት። ከዚያ ሰልፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ገለል አሉለት።

መለኪያውን ከቤት ይዞ መጥቷል። ሞተሩን አስነስቶ ለካ፣ ቁልፏን አስተካከለ፣ እንደገና ለካ። ከውጭ የጄሪካን ድምፅ ተጀመረ። ዘበኛው ገቢና ወጪ ሰው የሚጻፍበትን መዝገባቸውን ይዘው ይቁነጠነጣሉ።

«ልጻፈው ወይስ ልተወው?» አሉ። «እኔ አላየሁም ብል ማን ይጠይቀኛል?»

«ይጻፉት» አለ አባቴ።

«ይጎዳሃል እኮ።»

«ይጻፉት። ያልተጻፈው ነው እዚህ ያደረሰኝ።»

መዝገቡን ተቀብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማን እንደገባ፣ በስንት ሰዓት፣ ቁልፏን የነበረችበትን ሳላይ እንዳዞርኳት፣ አባቴ ወደ ስንት እንደመለሳት። የመጨረሻው ዓምድ ምክንያት ይላል። አባቴ ከላዬ ቆሟል። «ሞተሩ ተቃጥሎ እንዲወጣና ቁጥሩ እንዲታይ» ብዬ ጻፍኩ። አነበበው። ሲያነበው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ ከሥሩ ፈረመ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል፣ «እነዚያ ሴቶች ምን አደረጉሽ?» አለኝ። ሆጤ ስንደርስ የሁለታችንንም ሂሳብ ከፍሎ ቀድሞኝ ወረደ።

መዝገቡ ደሴ ደረሰ። ሁለተኛው ደብዳቤ ከመጀመሪያው አጭር ነው፤ እገዳ ጥሶ መግባቱንና ንብረት ለአደጋ መጋለጡን ጠቅሶ ከሥራ መሰናበቱን ይገልጻል። ስለ ሞተሩ «ጉዳዩ ወደፊት ማስረጃ ሲገኝ ይታያል» ይላል። ኃላፊዋን ቢሮ ሄጄ አነጋገርኳቸው። «እኔ የጻፍኩትን ለምን በእሱ ላይ አደረጋችሁት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንቺ ሠራተኛ አይደለሽም። ወረቀቱ ላይ ያለው እሱ ነው» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ወንበሩ እግሩ አሁንም ሰባራ ነው።

አባቴ አሁን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አንድ ብየዳ ቤት ውስጥ በቀን ሥራ ይሠራል። ስንት ዓመት ይቆያል ብዬ ስለ ሞተሩ ጠይቄው ነበር። ጥያቄው ለምን እንደሆነ አውቋል፤ ቢሆንም በቁም ነገር አሰበበት። «ጥሩ ሞተር ነው። አገጣጠሙም ጥሩ ነው። ከተጠበቀ አሥር ዓመት» አለኝ። በሥራው መኩራቱን ድምፁ አልደበቀውም።

አርብ አርብ ለዘበኛው እደውላለሁ።

«አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ይሠራል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ይሠራል። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም። አብሽሪ።»

እግዚአብሔር ይመስገን እላቸዋለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይህን ያልኩት ከልቤ መሆኑን ለማወቅ እሞክራለሁ። አንዳንድ አርብ ነው። አንዳንድ አርብ አይደለም።